ቆጣሪው ዜሮ ስላለ ፍላጎቱም ዜሮ ነው?

ሮቤ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የምትለው የባሌዋ ናት። የአርሲዋን ሮቤ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የተረሳ ከተማ ደግሞ መብራት ሲጠፋበት ሁለት ጊዜ ይረሳል፤ አንዴ በጨለማው፣ ሌላ ጊዜ በሪፖርቱ።

እንዴት ቢሉ ነገሩ ቀላል ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት መብራት ቢጠፋ፣ ቆጣሪው በእነዚያ አሥር ሰዓታት የሚመዘግበው ዜሮ ነው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ግን ስንዴ የጫነ አህያ ቆሟል፤ ቤት ውስጥ ሊጡ ቦክቷል፤ ፀጉር ቤቱ ደንበኛ መልሷል። ፍላጎቱ አለ፤ የሌለው ኃይሉ ነው። ቆጣሪ የሚያውቀው የተሸጠውን እንጂ የተፈለገውን አይደለም።

የከርሞውን ፍላጎት ከቆጣሪ ንባብ ብቻ የሚተነብይ ሰው እንግዲህ ጨለማውን ቆጥሮ «እዚህ ብዙ አይፈለግም» ይላል። በዚያ ስሌት ትንሽ ትራንስፎርመር ይተከላል። ትንሹ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ቆጣሪው እንደገና ዜሮ ያነባል። መብራት አብዝቶ የሚጠፋበት ከተማ በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ፈላጊ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው።

«ድንገተኛን ማን ይተነብያል?» የሚል መልስ አይጠፋም። መቼ እንደሚቋረጥ መተንበይ አይቻል ይሆናል። ከተቋረጠ በኋላ የሚሆነውን ግን ሮቤ ያለች ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች፤ መብራት ሲመጣ ሁሉም ቤት ምጣዱን በአንዴ ይሰካል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ባለበት ሰፈር 28 ምጣድ አንድ ላይ ቢሰካ ትራንስፎርመሩ ሞላ፤ ያውም አምፖል፣ ፍሪጅና ወፍጮ ሳይቆጠር። በደህናው ቀን አንዷ ጠዋት፣ ሌላዋ ማታ ስለምትጋግር ጭነቱ ይከፋፈላል። መቋረጡ ያንን ተራ ያፈርሰዋል።

ሲፈለግ ደግሞ መተንበይ እንደሚቻል ታይቷል። የዓመት በዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ኃይል እንዳይጠቀሙ ይጠየቃሉ፤ ቤቱ ሁሉ እንደሚጋግር ስለሚታወቅ ነው። የዋዜማን ምጣድ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት፣ ከጨለማ በኋላ የሚሰካውን ምጣድ እንዴት አያውቅም?

ነገሩ የሮቤ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በጊቤ ሦስት ግድብ ውሃው ሲቀንስ መንግሥት የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት መኖሩን ተናግሮ አገሪቱ በፈረቃ ገባች። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ደግሞ በብዙ አገሮች ቢሮና ፋብሪካ ተዘግቶ የኃይል ፍጆታ ወረደ። በወረቀት ላይ ሁለቱም መስመሩን ወደ ታች ያወርዱታል። የኮሮናው ግን ፈላጊ ጠፍቶ ነው፤ የፈረቃው ፈላጊው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሚደምር ትንበያ፣ የተራበን ሰው «ትንሽ በላ» ብሎ የሚመዘግብ ሐኪም ማለት ነው።

«አሁንማ ህዳሴ አለ፤ 5,150 ሜጋ ዋት!» ይባል ይሆናል። እሰየው! ግን የህዳሴም ኃይል ሮቤ ቤት የሚገባው በዚያችው ትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ነው። 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና ጣቢያም ለአርሲ ሩቅ አይደለም። የጣቢያ ቅርበት ብቻውን ምጣድ አያግልም።

የሚጠየቀው አዲስ ግድብ አይደለም። አንደኛ፣ የጠፋበት ሰዓት በየመስመሩ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ትንበያ ሲሠራ የጨለማው ሰዓት እንደ ዜሮ አይቆጠር፤ በዚያው ቀንና ሰዓት መብራት ሳለ በነበረው ፍጆታ ይተካ። ሦስተኛ፣ መብራት ሲመለስ ሰፈር በሰፈር፣ ተራውም ቀድሞ ተነግሮ ይመለስ።

እስከዚያው «የአካባቢው ፍላጎት አነስተኛ ነው» የሚል ሪፖርት ያየ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የተለካው መብራት እያለ ነው ወይስ ጠፍቶ?