ቦይለር በቀዝቃዛ ፈተና ብቻ አይታመንም

አንድ ፋብሪካ ቦይለር ለመግዛት ጨረታ ሲያወጣ የማይረሱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። በሰዓት ስንት ቶን እንፋሎት ያወጣል? በስንት ባር ይሠራል? ዋጋው ስንት ነው? ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት ለስንት ሰዓት እንዲያገለግል እንደተነደፈ፣ ስሌቱስ በየትኛው ደረጃ እንደተሠራ ግን ብዙ ጊዜ የሻጩ ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ዕቃው ከገባ በኋላም ርክክቡ በአንድ ፈተና ይቋጫል። ቦይለሩ በቀዝቃዛ ውኃ ይሞላና ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ በፓምፕ ይወጠራል። ጌጁ ካልወረደና ብየዳው ካላንጠባጠበ ይፈረማል።

ይህ ፈተና አያስፈልግም የሚል የለም። የተበላሸ ብየዳና ደካማ መገጣጠሚያ ያጋልጣል። እኛ የምንቃወመው እሱን የመጨረሻ ዋስትና አድርጎ መቁጠርን ነው። ቀዝቃዛ ውኃ የሚመሰክረው ብረቱ ዛሬ፣ በቀዝቃዛነቱ መቻሉን ብቻ ነው። እሳት ሲነድበት ምን እንደሚሆን አይናገርም።

ተራው የካርቦን ብረት እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ድረስ ጉልበቱ ብዙም አይነካም። ከዚያ በላይ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ለእንፋሎት መስመር በሰፊው የሚያገለግለውን ኤስኤ-106 ግሬድ ቢ የተባለውን የካርቦን ብረት እንውሰድ። በአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር፣ በተለምዶ ኤኤስኤምኢ በሚባለው፣ የደረጃ ሠንጠረዥ መሠረት ይህ ብረት በ340 ዲግሪ 118 ሜጋፓስካል ያህል እንዲሸከም ይፈቀድለታል። በ480 ዲግሪ የሚፈቀድለት 41 አካባቢ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ማለት ነው። 540 ዲግሪ ሲደርስ 17 ብቻ ይቀረዋል። የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል የሚል ሰው ካለ ቧንቧው ሳይቀልጥ እንደሚፈነዳ ይወቅ።

ብረቱን በዚህ ሙቀት የሚያደክመው መሐንዲሶች ክሪፕ የሚሉት ነገር ነው። ዓመታት እህል ተሸክሞ እንደሚጎብጥ የቆጥ አግዳሚ፣ የጋለ ብረትም ሊሰብረው ከሚችለው እጅግ ባነሰ ጭነት ሥር ሆኖ ቀስ በቀስ ይለጠጣል። ቱቦው በጥቂቱ ያብጣል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። ቀዳዳዎቹ ሲገናኙ ስንጥቅ ይሆናሉ።

ስለዚህ በከፍተኛ ሙቀት ላይ የዲዛይን ደረጃው ጥያቄውን ይቀይራል። ብረቱ ምን ያህል ይችላል ብቻ ሳይሆን ለምን ያህል ጊዜ ይችላል ብሎ ይጠይቃል። በኤኤስኤምኢ ደንብ የሚፈቀደው ጭነት በ1,000 ሰዓት የ0.01 በመቶ መለጠጥን ከሚያስከትለው መብለጥ የለበትም። በ100,000 ሰዓት ውስጥ ብረቱን በአማካይ ከሚሰብረው ጭነትም ከ67 በመቶ መብለጥ የለበትም። 100,000 ሰዓት ሌት ተቀን ሳያቋርጡ 11 ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ነው። ሙቀቱ በስሌቱ ከተያዘው 10 ዲግሪ ብቻ ቢያልፍ፣ 540 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራ ብረት ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። የተበላሸ የሙቀት መለኪያ ቧንቧን ያስረጃል የምንለው ለዚህ ነው።

እነዚህ ደንቦች በሰው ሕይወት የተገዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1905 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በብሮክተን ከተማ በነበረው የግሮቨር ጫማ ፋብሪካ ለመጠባበቂያ የሚያገለግል አሮጌ ቦይለር ፈነዳ። ከእንጨት የተሠራው ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ በእሳት ተያያዘ፤ 58 ሰዎች ሞቱ፣ 150 ያህል ቆሰሉ። ጥፋቱ የተገኘው በስፌቱ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን የቦይለሩ ላሜራ ጠርዝና ጠርዙ ተደራርቦ በሪቬት ይመታ ስለነበር በርሜሉ ፍጹም ክብ አይሆንም። ግፊት በተነሳና በወረደ ቁጥር ስፌቱ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ ስንጥቁም ዓይን በማያየው ቦታ፣ በተደራረቡት ላሜራዎች መሐል ያድጋል። ማሳቹሴትስ በ1907 ሕግ አወጣች፤ ኤኤስኤምኢም በ1911 ኮሚቴ አቋቁሞ በ1915 የመጀመሪያውን የቦይለር ደረጃ አሳተመ።

ደረጃው ከዚያ በኋላም ከስህተት መማሩን አላቆመም። በ1943 በፔንሲልቬንያ፣ በስፕሪንግዴል የኃይል ማመንጫ፣ ለሙቀት የተሻለ ነው የተባለለት የካርቦን ሞሊብደነም ብረት ቧንቧ አምስት ዓመት ተኩል ያህል ካገለገለ በኋላ ብየዳው አጠገብ ተበጠሰ። በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን በሙቀት ብዛት ወደ ግራፋይት ተለውጦ ነበር። ኢንዱስትሪው ክሮሚየም ወዳለባቸው ብረቶች ፊቱን ያዞረው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ የኃይል ማመንጫዎች ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገናኘን የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በቢራ፣ በጨርቃ ጨርቅና በቆዳ ፋብሪካዎች የተለመደው ቦይለር 10 ባር አካባቢ የሚሠራ ሲሆን እንፋሎቱም 184 ዲግሪ ገደማ ነው። ለክሪፕ የሚያሰጋ ሙቀት አይደለም። ነገር ግን ወሳኙ የብረቱ ሙቀት እንጂ የእንፋሎቱ አይደለም። በምድጃው ቱቦ ውስጥ ያለው ነበልባል ከ1,000 ዲግሪ በላይ ነው፤ ብረቱን የሚያድነው ከጀርባው ያለው ውኃ ብቻ ነው። ያልታከመ የጉድጓድ ውኃ ቱቦው ላይ ቅርፊት ሲጋግር፣ ወይም ውኃው ጎድሎ ቱቦው ሲራቆት ያ ጥበቃ ይቀራል። ለ200 ዲግሪ የታሰበው ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ጉልበቱን ወደሚያጣበት ሙቀት ይገባል። በስኳር ኢንዱስትሪ ደግሞ እንፋሎቱን ይበልጥ የሚያግል ሱፐርሂተር የሚባል ክፍል አለ፤ እዚያ 400 ዲግሪና ከዚያ በላይ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አገራችን ባጋስ የሚባለውን የአገዳ ተረፈ ምርት እያነደደች እንፋሎት ስታመርት ኖራለች። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በጣም የሚያሳስበን የጥገናው ጉዳይ ነው። 2.25 በመቶ ክሮሚየም ያለው ቱቦና ተራ የካርቦን ቱቦ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም፤ ውፍረታቸውም ቀለማቸውም አንድ ነው። ዶላር ጠፍቶ መለዋወጫ ሲዘገይና ምርት ሲቆም፣ መጋዘን ውስጥ የተገኘውን ቱቦ የመበየድ ፈተናው ትልቅ ነው። ችግሩን እንረዳለን፤ ድርጊቱን ግን አንቀበልም። ተተኪው ቱቦ ቀዝቃዛውን ፈተና ያልፋል፣ ወራትም ሊሠራ ይችላል፣ የሚበጠሰው ሁሉም ከረሳው በኋላ ነው። የብረትን ንጥረ ነገር በኤክስሬይ የሚለይ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ስላለ፣ ሳይለካ የሚበየድ የሱፐርሂተር ቱቦ ሊኖር አይገባም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታው አደጋ እንዳያደርስ እንዲጠብቅ በጥቅሉ ያስገድዳል። እኛ የምንጠይቀው ዝርዝሩን ነው። አዲስም ሆነ ያገለገለ ቦይለር ወደ አገር ሲገባ የዲዛይን ደረጃው፣ የብረት አምራቹ ምስክር ወረቀትና የገለልተኛ መርማሪ ፊርማ አብረውት ይግቡ። ባንኮችም ያለ እነዚህ ሰነዶች ኤልሲ አይክፈቱ። የድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚል ካለ ህንድን ይመልከት፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የቦይለር ሕግ አውጥታ በ1950 ደንቧ የብረት አምራቹን ምስክር ወረቀት ግዴታ አድርጋለች። በክሪፕ ሙቀት ላይ የሚሠሩ ክፍሎች የሥራ ሰዓታቸውና ሙቀታቸው ይመዝገብ፤ 100,000 ሰዓት ሲቃረቡ ቀሪ ዕድሜያቸው ሳይመረመር አይቀጥሉ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚልካቸው ተቆጣጣሪዎችም እነዚህን ወረቀቶች አንብበው ጥያቄ ማንሳት የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ይህ ሥልጠና ይጠይቃል፣ በጀትም ይጠይቃል።

የኢንሹራንስ ኩባንያዎቻችንም ዝም ሊሉ አይገባም። በአሜሪካ በ1866 የተቋቋመው የሃርትፎርድ ቦይለር ኢንሹራንስ ኩባንያ ከማሳቹሴትስ ሕግ 40 ዓመት ቀድሞ ዋስትና የሚሰጠውን ቦይለር በራሱ መርማሪዎች ያስፈትሽ ነበር። ካሣ ከመክፈል መመርመር ይረክሳል።

የፋብሪካ ኃላፊዎች ግን ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ የለባቸውም። በዚህ ሳምንት የቦይለራችሁን ታርጋ አንብቡ፤ የብረቱን ሰነድ ከመዝገብ ቤት አስወጡ። ሱፐርሂተሩ ከምን ብረት እንደተሠራ በሰነድ ማሳየት የማይችል ፋብሪካ፣ አስለክቶ እስኪያውቅ ድረስ እሳቱን ያጥፋ።