ከ«የመጀመሪያዋ» ባሻገር፦ ስንዱ ገብሩን ከአምባሰል ማንበብ

የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስም በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ኮርስ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ግጥማቸው ሳይሆን ማዕረጋቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ በወረራው ዘመን ከጥቁር አንበሶች ጋር ተሰልፈው ኋላ ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙ አርበኛ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም በ1942 ዓ.ም. የታተመው፣ ግጥምንም ተውኔትንም የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» በዚሁ ዝርዝር ግርጌ እንደ አንድ ተጨማሪ ሹመት ተቆጥሮ ቀርቷል።

ስለ ባለቅኔዋ ተጨማሪ ንባብ የሚፈልግ ተማሪ ዘወትር የሚላከው ሪዱልፍ ሞልቬር እ.ኤ.አ. በ1997 ወዳሳተመው መጣጥፍ ነው። መጣጥፉ ከርእሱ ጀምሮ ፈር ቀዳጅ ደራሲ፣ ፌሚኒስት፣ አርበኛ፣ መምህርትና ፖለቲከኛ ይላቸዋል፤ ጠቃሚነቱም አያከራክርም። ነገር ግን ከሕይወት ታሪክ ተነሥቶ ወደ ግጥም የሚወርድ ንባብ ግጥሙን የሕይወቱ ማስረጃ አድርጎ ያስቀረዋል። በስንኙ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? ለማን? በምን ቤት አመታት? እነዚህ ጥያቄዎች መቅደም ነበረባቸው።

ስንዱ የአምባሰል ተወላጅ አይደሉም። ይሁንና ንባቡን ወደዚያ የሚስቡ ክሮች አሉ። በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ያቋቋሙት እቴጌ መነን አስፋው የአምባሰል ልጅ ናቸው። የስንዱ ታናሽ እኅት የውብዳር፣ ዓለም በፒያኖ ድርሰታቸው የሚያውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ የመነኰሱት በአምባሰሏ ግሸን ማርያም ነው፤ በዚያ አምባ ላይም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖረዋል። ሁለቱም በስዊዘርላንድ የተማሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች፣ አንዷ ወደ ሸንጎ፣ አንዷ ወደ ገዳም። የዘመኑ ማኅበረሰብ ለሴት ልጅ ካዘጋጀው መንገድ ሁለቱም በየፊናቸው ወጥተዋል፤ የእኅትማማቾቹን ሥራ ጎን ለጎን የሚያነብ ጥናት ግን በኅትመት ብዛት ሳይሆን በጥያቄው ብርታት ሊሠራ የሚገባው ነው።

ከግሸን ግርጌ ደግሞ ሌላ ሥነ ግጥም አለ። በወፍጮ ላይ የሚወጣው እንጉርጉሮ፣ የለቅሶው ሙሾ፣ የዱበርቲዎች ምርቃት፣ ስሙን ከአገሩ በወሰደው የአምባሰል ቅኝት የሚዜመው ስንኝ፤ በእነዚህ ሁሉ ሴት ስለ ራሷ «እኔ» ብላ ትናገራለች። ስንዱ ይህን «እኔ» ወደ ማተሚያ ቤት ይዘውት ገቡ ማለት ይቻላል። ቢያንስ ሊፈተን የሚገባ መላምት ነው።

እዚህ ላይ የምርምሩ ልማድ ራሱ ይጠየቃል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች የማይገቡበት ቢሆንም የአባ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል ከ13ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ ከነባለቤቱ ስም ጠብቆ አቆይቷል። በየቀበሌው ስንኝ ያወረደች ሴት ግን በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «መረጃ አቀባይ» ናት፤ ዕድሜዋና የጋብቻ ሁኔታዋ በሠንጠረዥ ይሰፍራል፣ ግጥሙ «የሕዝብ» ይባላል። የቅኔ መምህር ቅኔ በስሙ ሲጠቀስ ይህ ሚዛን ለምን ተዛነፈ?

ስም መሰወር የምርምር ሥነ ምግባር ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ምስጢር ለነገረች ሴት ትክክል ነው። ግጥም ለፈጠረች ሴት ግን ጥበቃው ንጥቂያ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱንም ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የስምምነት ቅጹ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ይበቃል፦ «ስንኙ በስምዎ እንዲጠቀስ ይፈልጋሉ?»