ስልኩ ያስታውሳል፤ ማን ይሠራል?

የዛሬዋ ጠያቂያችን ጎንደር ቁስቋም የምትኖር የ26 ዓመት ወጣት ናት። ስሜ እንዳይወጣ አደራ ብላናለች፤ አደራዋን ጠብቀናል። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን እነሆ፦

«ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ደም ግፊት ያለባት እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ነገር ሲበዛብኝ የሥራ ዝርዝር መያዣ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። የቢሮውን፣ የትምህርቱን፣ የልጄን ወተት፣ ውሃ የሚመጣበትን ቀን፣ ዕቁቡን ሳይቀር አስገባሁበት። 43 ነገር ሞላ። ገና ሳየው ይደክመኝ ጀመር።

ባለፈው ሰኞ እናቴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። አፑ ላይ 3:00 ብዬ ሞላሁ። ታዲያላችሁ ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት! ‹ምን ሆኖ ነው?› ብዬ አጠፋሁትና ተኛሁ። ጠዋት ቢሮ ስሯሯጥ ነገሩ ጨርሶ ከጭንቅላቴ ወጣ። ማታ ስገባ እናቴ ነጠላዋን እንደለበሰች በር ላይ ተቀምጣለች። ሥራ ላይ ናት ብላ አልደወለችልኝም። ‹ትመጫለሽ ብዬ እኮ ነው› አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልተናገረችም። ባለቤቴ ደግሞ ‹ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እወስዳቸው አልነበር?› አለ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ? አፑንስ ልተወው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የእናትሽን ቀጠሮ ነገ ዛሬ ሳትይ እንደገና አስይዢ፤ መድኃኒቷ እንዳያልቅም እዪ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ስልክሽ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በእኛ ሰዓት ላይ 6 ደምሪበት፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት 9:00 ይሆናል። አንቺ የሞላሽው 3:00 በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስልኩ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ደግሞ ለቀጠሮ በሰዓቱ የሚጮህ ደወል ምን ያደርጋል? ከቤት መውጫውን ሙዪ።

ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። ወር በገባ በ6 የቁስቋም ማኅበር አለሽ እንበል። «በየወሩ» ብትይው አፑ የፈረንጅ ወር ስለሚቆጥር ቀኑ ይንሸራተትብሻል። «በየ30 ቀኑ» በዪው፤ የእኛ ወር 30 ነውና ልክ ይመጣል። ጳጉሜ ስትገባ ብቻ 5 ወይም 6 ቀን ወደፊት ግፊው። የኅዳር 6ቱ ዓመታዊ በዓልም ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 15 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን 16 ነው። እንግዳ በደጅ ቆሞ ሽንኩርት ፍለጋ እንዳትሮጪ።

ስለ 43ቱ ደግሞ ልንገርሽ። ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ ያቋረጠው እንደሚታወሰው አሳይታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ያልተሠራው ነገር ጭንቅላት መበጥበጡን የሚያቆመው ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት መሆኑን አገኙ። ስለዚህ «እማዬ - ሐኪም» ብለሽ አትጻፊ። «ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል እማዬን ይዤ ባጃጅ መሳፈር» በዪ። ማታ ማታም ለነገ ሦስት ብቻ ምረጪ። የቀሩት 40ዎቹ አይሸሹም።

እስካሁን ያልነው ግን ቀላሉን ነው። ዋናው ነገር ባለቤትሽ ያላት ቃል ናት፤ «ለምን አልነገርሽኝም?» የምትለዋ። በክፋት ያላት አይመስለኝም። ግን ልብ በዪ፣ መናገርም ራሱ ሥራ ነው። ቀኑን መያዝ፣ ሲደርስ ማስታወስ፣ ከዚያ «እባክህ» ማለት፤ ይሄ ሁሉ ያንቺ ሆኖ የእሱ መሄድ ብቻ ከሆነ ሥራውን ተካፍላችኋል አይባልም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቁስቋም ላይ ግቢያቸውን ሲያሠሩ የሚያስታውስም የሚፈጽምም አጃቢ ሞልቷቸው ነበር። አንቺ ግን እቴጌዋም አጃቢዋም ራስሽ ሆነሻል። አፑ ደግሞ ሸክሙን ቆጠረልሽ እንጂ አላወረደልሽም።

እና ምን ይሻላል? እሑድ ቡና ላይ፣ ሳትቆጪ፣ ስልኩን ስጪውና 43ቱን ያንብበው። ከዚያ «የቱን ልርዳሽ?» ሳይሆን «የቱ የእኔ ይሁን?» ይበል። የእናትሽ ቀጠሮ የእሱ ከሆነ ካርዱም፣ ቀኑም፣ መድኃኒቱም የእሱ ነው፤ አንቺ አታስታውሺውም። ማይክሮሶፍት ቱ ዱ በሚባለው አፕ ዝርዝሩን ለሌላ ሰው ማጋራት፣ እያንዳንዱንም ሥራ በስም መስጠት ይቻላል። ደወሉ በእሱ ስልክ ይጩህ። ባለቤት የምንለው እኮ ቤቱ የእሱም ስለሆነ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

አንብቦ ዝም ካለስ? ያኔ ችግሩ የመርሳት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ለዚያ አፕ የለውም፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንቺው ታውቂዋለሽ። አፑ ያለ ኢንተርኔት ቢከፈትም ያጋራችሁት ዝርዝር ግን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው አይደርስም። የሳምንቱን ዋና ዋና በወረቀት ጽፋችሁ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እናትሽም ታየዋለች። ማን እንደሚወስዳት ካወቀች ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ አትውልም፤ እንዲያውም «ልጄ፣ ሰዓት ደረሰ» ብላ ደውላ የምትጠራው እሷ ትሆናለች።

ለሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።