ውኃን መፍራት ከውኃ አያድንም

የሚከተለው ጽሑፍ የጸሐፊውን አስተያየት የሚገልጽ ድርሰት ነው። ጸሐፊው የቆመበትን ሐሳብ፣ ለሐሳቡ ያቀረባቸውን ማስረጃዎችና ለተቃራኒ አስተያየቶች የሰጣቸውን መልሶች እየለያችሁ በጥሞና አንብቡ።

አስተማሪ በነበርሁበት ዘመን በኮልፌ ቀራንዮ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ካስተማርኋቸው ልጆች መካከል ሁለቱ ወደ ዐሥረኛ ክፍል አልመጡም። ምክንያቱን የነገሩኝ ጓደኞቻቸው ናቸው። በነሐሴ ወር ድንጋይ ተፈልጦ ከወጣበትና የዝናም ውኃ ከሞላው ጉድጓድ ዳር ሦስት ልጆች ሲጫወቱ አንደኛው አንሸራቶት ገባ። ሁለተኛው ጓደኛውን ለማዳን ዘሎ ተከተለው። ሁለቱም ዋና አያውቁም ነበር። ሦስተኛው እየጮኸ ወደ ሰፈር ሮጠ። ሰዎች ሲደርሱ ውኃው ረግቶ ነበር።

ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ለአጥር የተዘጋጀ የባሕር ዛፍ አጠና ተከምሮ ነበር አሉ። ከዚያ ክምር አንዱን መዝዞ ወደ ውኃው መዘርጋት እንደሚቻል ለእነዚያ ልጆች የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔም አስተማሪያቸው ስሆን አልነገርኋቸውም።

በየቤታችን ስለ ውኃ የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማስጠንቀቂያ አያልፍም፤ እርሱም «ወንዝ እንዳትሄድ!» የሚለው ነው። አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው ተርተዋል። ተረቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እኛ ከተረቱ የወሰድነው ፍርሃቱን ብቻ ነው። ውኃ እያሳሳቀ የሚወስድ ከሆነ፣ ሣቁ የቱ ላይ እንደሚያበቃና መውሰዱ የቱ ላይ እንደሚጀምር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የተከለከለ ልጅ ወላጁ ዘወር ሲል ወደ ወንዙ መሄዱ አይቀርም። ሲሄድም ይዞት የሚሄደው ፍርሃቱን እንጂ ዕውቀትን አይደለም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ስለ ውኃ ጠባይ፣ ስለ ዋናና በውኃ ላይ ስለ መጓዝ የሚሰጥ ትምህርት በየትምህርት ቤታችን ሊኖር ይገባል። ቤተሰብም ልጆቹን ከውኃ በማራቅ ፈንታ ከውኃ ጋር ሊያስተዋውቃቸው ይገባል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያነሡት ክርክር፣ «እኛ ደገኞች ነን፤ ባሕርም የለንም፤ የባሕርተኛ ዕውቀት ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። በእርግጥ ኤርትራ በ1985 ዓ. ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ነገር ግን ሕዝባችን ለባሕር እንግዳ ነው ማለት ታሪክን መዘንጋት ነው። የአክሱም መንግሥት በአዱሊስ ወደብ ከሩቅ አገሮች ጋር ይነግድ ነበር። ንጉሥ ካሌብም በ6ኛው መቶ ዓመት ሠራዊቱን በመርከብ አሳፍሮ ቀይ ባሕርን በማቋረጥ ወደ ሂምያር ዘምቷል። በ1956 ዓ. ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅትም አገሪቱ ጠረፍ ካጣች በኋላ ሥራውን አላቆመም። ሠንደቅ ዓላማችንን የሰቀሉ መርከቦች ዛሬም በውቅያኖስ ላይ ይጓዛሉ፤ ኢትዮጵያውያን መርከበኞችም ይሠሩባቸዋል።

ከዚህም በላይ ሰው ለመስጠም ባሕር አያስፈልገውም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በዓለም ላይ በውኃ ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህም ከዐሥሩ ዘጠኙ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ወንዝ፣ ኩሬ፣ የውኃ ጉድጓድና ጎርፍ የሌለበት አገር የት አለ? በምዕራብ አዲስ አበባ የሚወርደው ትንሹ አቃቂና ገባሮቹ በበጋ ልጅ የሚሻገራቸው ጅረቶች ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ዐዋቂን ይጥላሉ። በፍጥነት የሚወርድ ጎርፍ ከጉልበት በታች ሳለ እንኳ የቆመን ሰው አንገዳግዶ ሊወስድ ይችላል። ይህን ለማወቅ የባሕር ጠረፍ ባለቤት መሆን ግድ አይደለም።

ቤተሰብ ከውኃ ጋር እንዴት ሊኖር እንደሚችል ከገዛ አገራችን ልንማር እንችላለን። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። በዳርቻው የሚኖሩ ሰዎች፣ በተለይም የወይጦ ማኅበረሰብ አባሎች፣ ደንገልን አስረው ታንኳ የመሥራት ጥበብን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ እየታሰረ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ ታንኳ ይሆናል። በእነዚህ ታንኳዎች ከዘጌ እንጨት ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይጫናል፤ ዓሣ ይጠመዳል፤ ምእመናንም በደሴቶቹ ላይ ወዳሉት ገዳማት ይሻገራሉ።

ታንኳው ደንገል ስለ ሆነ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ታንከኛው ከጉዞ ሲመለስ ውኃ ላይ አይተወውም፤ ወደ ዳር ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ልጁም ከአባቱ ጋር ሲጎትት ብዙ ነገር ይማራል። ስንት ሰው እንደሚችል፣ ከስንት ሰዓት በላይ እንደማይቆይ፣ መቼም ተጥሎ በአዲስ መተካት እንዳለበት ያውቃል። ሐይቁም ጠባይ አለው። ጠዋት ረግቶ ያደረው ውኃ ከቀትር በኋላ በነፋስ ይነሣል። የጣና ጥልቀት ከስፋቱ ጋር ሲመዛዘን አነስተኛ፣ ይኸውም በጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ማዕበሉ አጫጭርና ተደጋጋሚ ነው። ስለዚህ ብልህ ታንከኛ ማልዶ ይነሣል፤ ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል፤ ሰማዩ ካላማረው ይቀራል። ይህ ዕውቀት የተገኘው ውኃን በመሸሽ ሳይሆን በየዕለቱ በመመልከት ነው።

አሁን ደግሞ ለማነጻጸር ያህል ከጣና ርቀን ሁኔታዋ ከእኛ ፈጽሞ የተለየ ወደ ሆነች አገር እንሻገር። እስፓንያ በሜዲትራንያን ባሕርና በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ጠረፍ ያላት አገር ናት። በበጋ ወራት ብዙ ቤተሰቦች፣ አባትና እናት ከነልጆቻቸው፣ በትንሽ ባለሸራ ጀልባ ተሳፍረው ጠረፉን ተከትለው ከወሽመጥ ወደ ወሽመጥ ይጓዛሉ። ማታም ወደብ ሳይገቡ ከአንድ ወሽመጥ መልሕቅ ጥለው ጀልባቸው ውስጥ ያድራሉ። ነገሩ ከሩቅ ለሚመለከተው የባለጸጎች መዝናኛ ብቻ ይመስላል። በእርግጥም ገንዘብ ይጠይቃል። እኔ የማደንቀው ግን ጀልባቸውን አይደለም፤ ሕፃናት በዚያ ጀልባ ላይ የሚማሩትን ጥንቃቄ ነው።

መልሕቅ መጣል ለማያውቅ ሰው ብረት ወደ ውኃ መወርወር ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና ሌሊቱን ወዴት እንደሚዞር ከአየር ጠባይ ትንበያ ይጠየቃል። ከአንዱ ነፋስ የሚከልል ወሽመጥ ለሌላው የተጋለጠ ሊሆን ይችላልና። ከምሥራቅ የሚመጣው «ሌቫንቴ» ሲነፍስ ወደ ምሥራቅ በተከፈተ ወሽመጥ ማደር አደጋ ነው። ሁለተኛ፣ የባሕሩ ወለል ምን እንደ ሆነ ይታያል። አሸዋና ጭቃ መልሕቅን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ለስላሳ ዐለት ግን አይይዝም። ሦስተኛ፣ ሰንሰለቱ ይሰላል። የውኃው ጥልቀት 5 ሜትር፣ የጀልባዋ ፊት ከውኃው በላይ 1 ሜትር ቢሆን ድምሩ 6 ሜትር ነው። በጥልቀቱ ልክ 6 ሜትር ሰንሰለት ብቻ ቢለቀቅ ጀልባዋ መልሕቁን ወደ ላይ ትነቅለዋለች። በአምስት እጥፍ 30 ሜትር ቢለቀቅ ግን ሰንሰለቱ በወለሉ ላይ ተጋድሞ መልሕቁን ወደ ጎን ስለሚስበው ይበልጥ ይነክሳል። በመጨረሻም በየብስ ላይ ሁለት ምልክቶች፣ ለምሳሌ አንድ ግንብና አንድ ዛፍ ይመረጣሉ። ምልክቶቹ ከቦታቸው የሄዱ ከመሰሉ ጀልባዋ እየተንሸራተተች ነው ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ድርሻ አለው። አንዱ መሪውን ሲይዝ ሌላው መልሕቁን ይለቃል። ልጁ ተንሳፋፊ ሰደርያውን ለብሶ ምልክቶቹን ይጠብቃል፤ «ግንቡ ሄደብኝ!» ብሎ ቢጮኽ ትልልቆቹ ይሰሙታል። ጥንቃቄው ባሕሩን ራሱን እስከ መጠበቅ ይደርሳል። የባሌያሪክ ደሴቶች አስተዳደር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣው ድንጋጌ፣ ፖሲዶንያ በሚባለው የባሕር ሣር ላይ መልሕቅ መጣልን ከልክሏል። ሣሩ ለዓሦች መጠለያ ሲሆን አንዴ ከተነቀለ እንደገና ለመብቀል እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታልና።

እንግዲህ የጣናው ታንከኛና የእስፓንያው ቤተሰብ በሀብት፣ በቋንቋና በመሣሪያ አይገናኙም። አንዱ ደንገል አለው፤ ሌላው ሸራና ሰንሰለት። ሆኖም ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ጀግንነትን አይፈልጉም። «ዛሬ አንሄድም» ማለትን ያውቃሉ። ሰማዩን አይቶ መመለስ ለእነርሱ ፍርሃት አይደለም፤ ከዕውቀት የሚገኝ ጥበብ ነው። ውኃን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ግን ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ከሩቁ ይሸሻል፣ ወይ ሳያስብ ዘሎ ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ተቃውሞ ይመጣል። «መዋኛ ገንዳ የሌለው ትምህርት ቤት ዋናን እንዴት ያስተምራል?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶቻችን እንኳን መዋኛ ገንዳ በቂ የመጠጥ ውኃ ለማግኘት ይቸገራሉ። ስለዚህ ሁሉም ትምህርት ቤት ገንዳ ይሥራ አልልም። የከተማ አስተዳደሮች ያሉትን ገንዳዎች በተወሰኑ ቀኖች በአሠልጣኝ ጥበቃ ለተማሪዎች ቢከፍቱ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ያም እስኪሆን ድረስ ያለ ገንዳ ሊሰጥ የሚችል ትምህርት አለ። ሰው ሲሰጥም ያየ ሰው ዘሎ እንዳይገባ፣ በመጀመሪያ ተጣርቶ እርዳታ እንዲጠራ፣ ከዚያም በሆዱ ተኝቶ ረጅም እንጨት እንዲዘረጋ ወይም ባዶና የተከደነ ጀሪካን በገመድ አስሮ እንዲወረውር በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ማለማመድ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ አጠና፣ አንድ ጀሪካን፣ ዐሥር ሜትር ገመድና የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም መስጠምን ለመከላከል ከሚመክራቸው እርምጃዎች መካከል፣ ለትምህርት ዕድሜ የደረሱ ልጆችን መሠረታዊ ዋና ማስተማርና አጠገብ ያሉ ሰዎችን ራሳቸውን ሳይጥሉ የማዳን ዘዴ ማሠልጠን ይገኙባቸዋል።

ሦስተኛው ክርክር ደግሞ «ዋና ያወቀ ልጅ ይደፍራል፤ ድፍረቱም ይገድለዋል» የሚል ነው። ይህ ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ዋናተኛም ይሰጥማል። ስለዚህም ነው ትምህርቱ ከክንድና ከእግር እንቅስቃሴ በፊት ከማስተዋል መጀመር አለበት የምለው። ልጁ መዋኘትን ከመማሩ አስቀድሞ ደፍርሶ የሚወርድ ውኃ ጥልቀቱ እንደማይታይ፣ ብቻውን ወደ ውኃ መግባት እንደማይገባው፣ በክረምት የሞላ ወንዝ እስኪጎድል እንደሚጠበቅ ይማር። ዕውቀት ያለ ማስተዋል አደገኛ ቢሆንም፣ መድኃኒቱ ማስተዋልን መጨመር ነው እንጂ ዕውቀትን መንፈግ አይደለም።

በኮልፌ አጠና ተራ ባለፍሁ ቁጥር ያን የአጠና ክምር አስባለሁ። ያ ዕንጨት በገበያ ያለው ዋጋ ጥቂት ነው። በዚያ የነሐሴ ቀን ግን ዋጋው የሁለት ልጆች ሕይወት ነበር። ጠረፍ ባይኖረንም ወንዞችና ሐይቆች አሉን፤ ክረምትም በየዓመቱ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ አስተማሪ ከሰኔ ፈተና በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ነገር ይስጥ። እያንዳንዱ ወላጅም «እንዳትሄድ» ከማለቱ ጋር ምክንያቱንና ዘዴውን ይንገር። እኔ ሳልናገረው የቀረሁትን ዛሬ ለእናንተ ተናግሬአለሁ።

ጥያቄዎች

1. የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው? በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ።
2. ጸሐፊው ስንት ተቃራኒ አስተያየቶችን አነሣ? ለእያንዳንዱ የሰጠው መልስ አጥጋቢ ነው ትላላችሁ? ምክንያት ስጡ።
3. የጣናው ታንከኛና የእስፓንያው ቤተሰብ የሚለያዩባቸውንና የሚመሳሰሉበትን ነጥቦች ዘርዝሩ።
4. የውኃው ጥልቀት 7 ሜትር፣ የጀልባዋ ፊት ከውኃው በላይ 1 ሜትር ቢሆን በአምስት እጥፍ ስንት ሜትር ሰንሰለት ይለቀቃል?
5. «የተከለከለ ልጅ መሄዱ አይቀርም» በሚለው አሳብ ትስማማላችሁ? አስተያየታችሁን በሦስት አንቀጾች ጻፉ።