ጦር ሠራዊት የሌላት ደሴት ባሕሯን እንዴት ጠበቀች?

  

በገጠር ያደገ ሰው የድንበርን ነገር ያውቃል። ጎረቤት በእርሻ ወቅት አንድ ፈር ወደ እናንተ ማሳ ገፋ ያደርጋል። በዓመቱ ደግሞ አንድ ይጨምራል። ዝም ካላችሁት በአሥር ዓመት ውስጥ ማሳው ግማሽ ይሆናል። ያኔ ሽማግሌ ይጠራል፣ የድንበር ድንጋዩ ይፈለጋል፣ አንዳንዴም ነገሩ ከሽማግሌ እጅ ያመልጥና ደም ያፋስሳል። የራሱ ርስት ያልነበረው፣ በሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት የኖረውማ የመሬትን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

እንግዲህ መሬት ላይ ድንጋይ ይተከላል። ባሕር ላይስ ምን ይተከላል? ውኃ ፈር የለውም፣ ዓሣም ጀርባው ላይ የባለቤቱ ስም አልተጻፈበትም። ዛሬ የማጫውታችሁ ይህን ጥያቄ ይዛ ከትልቅ መንግሥት ጋር ስለተፋጠጠች ትንሽ ደሴት ነው። አይስላንድ ትባላለች።

አይስላንድ ከአውሮፓ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በቀዝቃዛው ውቅያኖስ መካከል ያለች አገር ናት። ስፋቷ እስራኤልን አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ሕዝቧ ግን ዛሬ እንኳን 400 ሺህ አይሞላም። ታሪኩ በተፈጸመበት ጊዜ፣ በ1970ዎቹ፣ ከ220 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። ዛሬ እዚህ አገር ካለው የእኛ ማኅበረሰብ ቁጥር እምብዛም የማይርቅ ማለት ነው። ምድሯ እሳተ ገሞራና በረዶ የሞላበት ስለሆነ ጤፍና ስንዴው ይቅርና ዛፍ እንኳን እንደ ልብ አይበቅልበትም። እስከ 1944 ድረስ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበረች። ነፃ ስትወጣም ጦር ሠራዊት አላቋቋመችም። ዛሬም የላትም።

ታዲያ በምን ትኖራለች አትሉም? በዓሣ ነበር የምትኖረው። በተለይ ኮድ የሚባል ትልቅ ነጭ ዓሣ አለ፤ ክንፍም ቅርፊትም ያለው ነው። ለእኛ ገበሬ እርሻው፣ በሬውና ጎተራው ምን እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ለአይስላንድ ሰው ሦስቱም ይሄ ዓሣ ነበር። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ዕቃ አብዛኛው ዓሣና የዓሣ ውጤት ነበር።

አሁን ወደ ባሕር ጠባቂዎቹ ልውሰዳችሁ። ጅማሬያቸውን ስሙልኝ፤ ደስ የሚል ነው። ከአይስላንድ በስተደቡብ ቬስትማን የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች አሉ። እዚያ ዓሣ አጥማጆች በየዓመቱ በማዕበል ይሞቱ ነበር። የደሴቶቹ ሰዎች ተሰባስበው የነፍስ አድን ማኅበር አቋቋሙ። በ1920 አንድ ያገለገለ መርከብ ገዙና ቶር አሉት። ሥራው ሁለት ነበር፤ በማዕበል የተያዙ ጀልባዎችን ማዳን እና የባዕድ መርከቦች መረባቸውን እንዳይቀድዱባቸው መጠበቅ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት መርከቡን ተረከበ፤ በ1926 የአይስላንድ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በይፋ ተቋቋመ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መጠበቅና ማዳን ከመጀመሪያው አብረው የተወለዱ ሥራዎች ናቸው።

ጠቡ ከማን ጋር ነበር? በዋናነት ከእንግሊዝ ጋር። የእንግሊዝ አጥማጆች ወደዚያ ባሕር መሄድ የጀመሩት በ1400ዎቹ ነው። «አያት ቅድመ አያቶቻችን ያጠመዱበት ነው» ይሉ ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። ነገር ግን የድሮው በሸራ ጀልባ የሚመጣ ሰውና የኋላው በሞተር የሚንቀሳቀስ ትልቅ መርከብ አንድ አይደሉም። ትልቁ መርከብ ግዙፍ መረብ በሁለት የብረት ገመድ አስሮ የባሕሩን ወለል እየጠረገ ይጎትታል። ትልቁንም ትንሹንም፣ ዘር የሚሆነውንም ያፍሳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሄሪንግ የሚባለው ሌላው የዓሣ ዓይነት ከአይስላንድ ባሕር ሊጠፋ ሲደርስ ሰዎቹ ደነገጡ። «ኮዱም እንዲሁ ካለቀ ምን ልንበላ ነው?» አሉ።

ስለዚህ ድንበራቸውን ወደ ውጭ መግፋት ጀመሩ። በ1952 አራት የባሕር ማይል፣ በ1958 አሥራ ሁለት፣ በ1972 ሃምሳ፣ በ1975 ደግሞ ሁለት መቶ አደረሱት። ሁለት መቶ የባሕር ማይል 370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመቱላ እስከ ኤላት ካለው የአገራችን ርዝመት ብዙም አያንስም። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገርና፣ ለእንግሊዞቹ ድንበር ገፊዋ አይስላንድ ነበረች። ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት ነበረው። ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

እንግሊዝ አጥማጆቿን እንዲጠብቁ የጦር መርከቦቿን ላከች። በመጨረሻው ዙር ብቻ በየተራ ከሃያ በላይ መርከቦች መጥተዋል። አይስላንድ የነበሯት ግን በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ጠባቂ መርከቦች ናቸው፤ ሁለቱማ ለዚሁ ሥራ የተወሰዱ ዓሣ ማጥመጃዎች ነበሩ። በመድፍ ቢገጥሙ በአንድ ቀን ያልቃሉ። ታዲያ ምን አደረጉ?

አንድ ቀላል መሣሪያ ሠሩ። መልሕቅ የሚመስል፣ በዙሪያው ስለት ያለው ብረት ነው። ጠባቂው መርከብ ይህን ከኋላው በገመድ እየጎተተ፣ መረብ በሚጎትተው መርከብ ጀርባ ቆርጦ ያልፋል። ስለቱ የብረት ገመዱን ያገኘውና ይበጥሰዋል። ውድ የሆነው መረብ ከነዓሣው ባሕር ውስጥ ይቀራል፤ አጥማጁም ባዶ እጁን ይመለሳል። ሰው አይነካም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራበት በመስከረም ወር 1972 ነው። አይጊር የተባለው ጠባቂ መርከብ ስሙንና ቁጥሩን በቀለም የሸፈነ አንድ የእንግሊዝ መርከብ አገኘ። «ማን ነህ?» ብሎ በሬዲዮ ቢጠይቀው፣ ሰውየው መልስ በመስጠት ፈንታ የእንግሊዝን የአገር ፍቅር ዘፈን አጫወተለት። አይጊርም ዞሮ ገመዱን ቆረጠበት። መልስ ለመልስ ማለት ይሄ ነው!

ነገሩ ሁሉ ግን ጨዋታ አልነበረም። መርከብ ከመርከብ ጋር ሆን ተብሎ ይጋጭ ነበር። በ1973 አይጊር ለመቆም እምቢ ባለ አንድ መርከብ ላይ መድፍ ተኩሶ ጎኑን በስቶታል፤ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። በዚያው ዓመት አይጊር ከእንግሊዝ የጦር መርከብ ጋር ከተጋጨ በኋላ፣ የተቀደደውን ጎን ይበይድ የነበረ አንድ የመርከቡ ሠራተኛ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ። እናት ያለው፣ ቤት የሚጠብቀው ሰው ነበር።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ። ጠቡ ለጊዜው በረድ ባለበት በየካቲት 1968፣ በሰሜን ምዕራብ አይስላንድ ከባድ ማዕበል ተነሣ። ብርዱ ከመክፋቱ የተነሣ በመርከቡ ላይ የሚረጨው ውኃ ወዲያው በረዶ ይሆናል። በረዶው ሲከማች መርከቡ ይከብድና ይገለበጣል። መርከበኞች ሌሊቱን ሙሉ በመዶሻና በመጥረቢያ ሲፈልጡት ያድራሉ። በዚያ ሌሊት አንድ የእንግሊዝ መርከብ ሰጠመ፤ በሕይወት የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ የአይስላንድ ጀልባም ከነሰዎቹ ጠፋ።

ሌላ የእንግሊዝ መርከብ ደግሞ ከዳርቻው ድንጋይ ጋር ተላትሞ ተሰነቀረ። በአካባቢው የነበረው የባሕር ጠባቂዎቹ መርከብ ኦዲን ነው። ኦዲን ራሱ በረዶ እየከበደው፣ ራዳሩ እያስቸገረው ወደ ቦታው ተጠጋ። ማዕበሉ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ ሁለት ሰዎች በጎማ ጀልባ ወረዱ። እስቲ አስቡት፤ ሁለት ሰዎች፣ በጎማ ጀልባ፣ በዚያ ብርድ! ከመርከቡ ላይ 18 ሰዎችን በሕይወት አወጡ። አንዱ ግን ቀድሞ ብርድ ገድሎት ነበር።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? በአይስላንድ ባሕር ዓሣ ለመያዝ የመጡ እንግሊዞች ናቸው፤ የጠቡ ባላጋራዎች። ከአራት ዓመት በኋላ ጠቡ እንደገና ሲነሣ፣ ያው ኦዲን የእንደነሱን መረብ ለመቁረጥ ወጣ። መረቡን ቆረጠ እንጂ ሰው ሲሰጥም ቆሞ አላየም። ሁለቱን ነገር ለይቶ ማየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በተጣላችሁት ሰው ቤት እሳት ሲነሣ ባልዲ ይዞ መሮጥ ማለት ነው።

በዚያው ክረምት ሀል ከምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሄዱ ሦስት መርከቦች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰጥመው 58 ሰዎች አልቀዋል። ያኔ ሊሊያን ቢሎካ የምትባል የአጥማጅ ሚስት የሰፈሯን ሴቶች አስተባብራ ተነሣች። ፊርማ አሰባስበው ለንደን ድረስ ሄደው ሚኒስትሮችን አነጋገሩ። «በየመርከቡ የሬዲዮ ሠራተኛ ይኑር» አሉ፤ ከሰጠሙት አንዱ መርከብ አልነበረውምና። የጠየቁትንም አገኙ። በዚያ በኩልም እንጀራ ፍለጋ የሚሞት ድሃ ነበር ለማለት ነው።

የመጨረሻው ዙር በ1975 ተጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ አበቃ። አይስላንድ ከእንግሊዝ ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ ነበር። ከዚህም በላይ ኔቶ የሚባለውን የምዕራባውያን የጦር ኅብረት ጥላ እንደምትወጣ አስፈራራች። አሜሪካኖች ደግሞ ሩሲያን የሚከታተሉበት ትልቅ የጦር ሰፈር እዚያ ነበራቸውና ወዳጆች ሁሉ ለሽምግልና ተሯሯጡ። እንግሊዝም ሁለት መቶውን ማይል ተቀበለች። በ1982 በወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሕግም ይኸው ልክ ለባሕር ዳር አገሮች ሁሉ ተፈቀደ።

ሁለት ነገር ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። አንደኛ፣ የአንዱ ድል ለሌላው ኀዘን ነበር። ሀልና ግሪምዝቢ በሚባሉት የእንግሊዝ ከተሞች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አጡ። መንግሥታቸው ካሳ ለመክፈል የተነሣው በ2000 ነው። ስንቱ ሳያየው አርፏል። ሁለተኛ፣ ባዕዶቹ ከሄዱ በኋላ አይስላንዶቹ ራሳቸው ያለ ልክ ማጥመድ ጀመሩ። ዓሣው እንደገና ሲቀንስ ጊዜ በ1984 ለየመርከቡ ኮታ ተቆረጠለት። ድንበር ማስከበር ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ የራስን ሆድ መግዛት ነው። ዛሬ ጠባቂዎቹ የገዛ ወገናቸውንም መረብ ይፈትሻሉ።

ዛሬም ያ መሥሪያ ቤት ትንሽ ነው። ጥቂት መርከቦች፣ ሄሊኮፕተሮችና አንድ የቅኝት አውሮፕላን አሉት። በሄሊኮፕተር ሕመምተኛ ከመርከብ ያነሣል፣ የባሕሩን ካርታ ይሠራል፣ ከድሮው የዓለም ጦርነት የቀረ ፈንጂ ሲገኝም ያመክናል። ኦዲንም ጡረታ ወጥቶ በዋና ከተማዋ ሬይኪያቪክ ሙዚየም ሆኗል። ቲር የሚባለው መርከብ ደግሞ በ1975–76 ከእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጋር የተላተመው ነው። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ እዚሁ እኛው ባሕር፣ ሜዲትራንያን ላይ ሠርቷል። በጥር 2015 መጀመሪያ ላይ መርከበኞቹ ጥለውት የጠፉ የከብት መጫኛ መርከብ በጣሊያን አቅጣጫ ይንሳፈፍ ነበር። በውስጡ 360 ያህል ስደተኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሶርያውያን፣ ሕፃናትም ያሉበት። ቲር ጎትቶ ወደ ጣሊያን ወደብ አደረሳቸው።

ከእናንተ መካከል በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል የመጣችሁ አላችሁ። በጨለማ ከቀይ ባሕር ዳር በጎማ ጀልባ ተጭናችሁ፣ ወደ እስራኤል የባሕር ኃይል መርከብ የተወሰዳችሁ። ባሕር አይታችሁ የማታውቁ ነበራችሁ። ከጀልባው ስትወጡ የያዛችሁን እጅ አትረሱትም። የአንድ ወታደር እጅ ነበር፤ መሣሪያ የሚይዝ እጅ።

ዛሬ የልጅ ልጃችሁ የደንብ ልብስ ለብሶ በባሕር፣ በድንበር ወይም በፖሊስ ጣቢያ የሚያገለግል ከሆነ፣ ቅዳሜ ማታ ቡናው ሲፈላ ይህን ታሪክ አጫውቱት። መረቡ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ እንደሆነ ንገሩት። ከዚያም የራሳችሁን ሌሊት ጨምሩበት፤ ያንን ከእናንተ በቀር ማንም ሊነግረው አይችልም።

እስከሚቀጥለው ወር በሰላም ያቆየን።