አንገትዎን ለማን ይሰጣሉ?

ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎች እንዳቀረቀሩ ይውላሉ። ሌላው ጨርቅ ሲመርጥ እኔ ማጅራታቸውን አያለሁ። እንዲህ የሚውል ሰው ማታ ራሱን ሲወቅረው «ብርድ ነው» ብሎ ይከናነባል፤ አለዚያም ማስታገሻ ይውጣል። አንገቱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

የላይኞቹ ሦስት የአንገት ነርቮች ከፊት ስሜት ከሚያመጣው ነርቭ ጋር አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ስለዚህ ማጅራት ላይ የተነሳ ሕመም ግንባር ላይ ወይም ከዓይን ጀርባ ሊሰማ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን፣ አንገት ሲዞርም እየባሰ።

እጅ ያሽለዋል? ያሽለዋል፤ ጥያቄው የማን እጅ የሚለው ነው። አውስትራሊያዊቷ ፊዚዮቴራፒስት ግዌን ጀል ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት 200 ሕመምተኞች ነበሩ። ለስድስት ሳምንት በእጅ የታከሙትም፣ የአንገት እንቅስቃሴ የሠሩትም፣ ሁለቱንም ያገኙትም ራስ ምታታቸው ቀለለ፤ ለውጡ ከዓመት በኋላም አልጠፋም። እንቅስቃሴው ተአምር የለውም፤ በጀርባ ተኝቶ፣ «እሺ» እንደሚል ሰው አገጭን ቀስ አድርጎ ዝቅ ማድረግ ነው። መቀመጫው ካልተስተካከለ፣ በየመሃሉም ብድግ ካልተባለ ግን ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።

ወጌሻን አልንቅም፤ ቁርጭምጭሚቴ ቢወለም ከማንም በፊት ወደ እርሱ ብሄድ አይገርመኝም። አንገት ግን ሌላ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት ሥሮች በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉ። ፀጉር ቆራጩ ከምላጩ በኋላ አገጭ ይዞ «ቀጭ» ሲያደርግ የሚገኘው ደስታ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ድንገተኛ ጥምዘዛ የደም ሥሩን ግድግዳ ቀድዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ፊዚዮቴራፒስቱ አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ከዚያ በዝግታ ይሠራል። እርሱም ቢሆን ለመጠምዘዝ ከቸኮለ እምቢ ማለት መብት ነው።

ከአንገት ሕመም ጋር የሚመጣ ራስ ማዞር ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። አንገት የሚያመጣው ማዞር አለ፤ ግን ያ የሚባለው የደም ግፊት፣ የደም ማነስና የውስጥ ጆሮ ችግር ከተመረመሩ በኋላ ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ቤቱ የሚሽከረከርባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ጆሮ ነው፤ እሱም ጭንቅላትን በሥርዓት በማዘዋወር ይታከማል።

ትኩሳት ያለበት የአንገት መገተር ግን ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። አንደበት ከተያዘ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ከዚህ በፊት አጋጥሞ የማያውቅ ራስ ምታት በድንገት ከመጣ፣ መታሸቱ ቀርቶ በቀጥታ ወደ ሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው።