የማይቆጠረው ክሬዲት፦ በውጭ አገር የሚማር ተማሪና ቅዳሜው

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ የተላከ ተማሪ ሲመለስ የሚጠየቀው ዲግሪውንና የውጤት መግለጫውን ነው። ቅዳሜና እሑድን የት እንዳሳለፈ በቁም ነገር የሚጠይቀው የለም፤ ቢነሣም «ሽርሽሩስ እንዴት ነበር?» ተብሎ በሣቅ ይታለፋል። በእኔ እምነት ያ ሽርሽር የትምህርቱ አካል ነው፤ ተማሪውን የላከው የትምህርት ክፍልም ሊጠይቅበት ይገባል። አስረጂዎቼን የማቀርበው በውኃ ሀብት ጥናት ሁለተኛ ዲግሪዬን ከምከታተልባት ከጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ ተነሥቼ ካየኋቸው ቦታዎች ነው።

አስቀድሜ ስለ መጓጓዣው ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ2023 በመላው ጀርመን የተጀመረው ወርኃዊ ትኬት መጀመሪያ 49 ዩሮ ነበር፤ በ2025 ወደ 58 ዩሮ ከፍ ብሎ ነበር፤ ለተማሪዎች በቅናሽ የሚሰጥ ዓይነትም አለው። የሚያገለግለው በየትንንሹ ጣቢያ በሚቆሙት የክልል ባቡሮች እንጂ በፈጣኖቹ አይደለም። በፈጣን ባቡር ሁለት ከተሞችን የሚያይ መንገደኛ በዚህኛው ሃያ መንደሮችን ያያል፤ የትኛው ጣቢያ እንደተዘጋ፣ የትኛው ፋብሪካ ሣር እንደበቀለበት ይታዘባል። በእርግጥ ባቡሩ ሲሰረዝ በብርድ መቆምም አለ።

ከከተማዋ በስተ ደቡብ ኮስፑደን የሚባል ሐይቅ አለ፤ ከመሀል ከተማ በብስክሌት አንድ ሰዓት አይሞላም። ሰው ይዋኝበታል፣ ጀልባ ይቀዝፍበታል፤ ዳርቻው አሸዋ ነው። ሐይቁ ግን የተፈጥሮ አይደለም። ቀድሞ ቡናማ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር፤ በውኃ ተሞልቶ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ከማዕድን ቁፋሮ በኋላ ስለሚከናወን መልሶ ማልማት በክፍል ውስጥ የተማርነው ሁለት ስላይድ ብቻ ነበር፤ የጉድጓዱን ስፋት በእግሬ ስዞረው ግን ነገሩ የምህንድስና ብቻ ሳይሆን የአሥርተ ዓመታት የገንዘብና የአስተዳደር ግዴታ መሆኑ ገባኝ። ጉድጓዱን ማን ይሞላል? በምን ውኃ? ከዚያ በኋላስ ውኃውን ማን ይጠብቀዋል?

በሌላ ቅዳሜ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ላውዚትስ ስሄድ የጥያቄው ሌላ ገጽ ታየኝ። በኮትቡስ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሌላ ሰፊ የከሰል ጉድጓድ በስፕሬ ወንዝ ውኃ እየተሞላ ሐይቅ ሆኗል። በዚያው አካባቢ ግን ወንዙ ራሱ በአንዳንድ ስፍራ ቡናማ ሆኖ ይፈሳል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በቁፋሮው ለአየር የተጋለጠው ፓይራይት የተባለ ማዕድን ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ብረትና ሰልፌት ይለቅቃል፤ ውኃውንም አሲዳማ ያደርገዋል። የከርሰ ምድር ውኃው መጠን ተመልሶ ከፍ ሲል ይህ ሁሉ ወደ ወንዝ ይገባል። ቁፋሮው ከቆመ በኋላም መዘዙ ይቀጥላል ማለት ነው። በአገራችን በያዩና በዳውሮ የከሰል ክምችት አለ፤ የአገር ውስጥ ከሰል ምርትን ማስፋፋትም የመንግሥት ዕቅድ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ጥያቄ ከዚያ ጉዞ ወዲህ «ምን ያህል ይመረታል?» ከሚለው ወደ «ከተመረተ በኋላ ውኃው ምን ይሆናል?» ወደሚለው ዞሯል። ይህን ለውጥ ያመጣው በክሬዲት የተመዘገበ ኮርስ አይደለም።

ሁለተኛው አስረጂ ከሙያዬ ውጭ ነው፤ ይበልጥ የምወደውም እርሱን ነው። ከኤርፉርት ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የባቡር መንገድ ላይ ጎታ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ በላይዋም ፍሪደንሽታይን የሚባል ሰፊ ቤተ መንግሥት። የመካነ ሥላሴው ሰው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ከሮም ተነሥተው በመስፍኑ በኤርንስት ግብዣ እዚህ ደረሱ። የጠሯቸው የኤርፉርት ተወላጅ የነበረውና ሦስት ዓመት አስቀድሞ በሮም ያወቃቸው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። በዚያ በጋ ስለ ኢትዮጵያ ተጠየቁ፣ መለሱ፤ ለሉዶልፍም አማርኛን አስተማሩት። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1658፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በፍራንክፈርት የታተመው በ1698 ነው፤ አስተማሪው ካረፉ አርባ ዓመት በኋላ።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ እኔም አስቀድሜ አንብቤዋለሁ። በግቢው ቆሞ ማሰብ ግን ሌላ ነው። አንድ የአማራ መነኩሴ ከዚህ ኮረብታ ላይ፣ ማንም ቋንቋውን በማይናገርበት አገር፣ ስለ አገሩ ቀንና ሌሊት እንደተጠየቀ ሳስብ በእኛ ጥናቶች ውስጥ ቁጥር ብቻ የሚሰጣቸው ገበሬዎች ትዝ አሉኝ፤ «መረጃ ሰጪ 07» እንላቸዋለን። የምስጢር ጥበቃ ደንቡን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሉዶልፍ የአስተማሪውን ስም በመጻሕፍቱ አስቀምጧል፤ እኛም ስማቸው እንዲነሣ የሚፈቅዱ ሰዎችን በስማቸው ማመስገን ሊከብደን አይገባም።

ወደ ባድ ሙስካው የሄድኩበት ቀን አጭር ነው። በፖላንድ ድንበር ያለው የልዑል ፒውክለር መናፈሻ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጎብኚውም ብዙ ነው። ልዑሉ በምሥራቅ ጉዞው ከባሪያ ገበያ የገዛት መሕቡባ የተባለች የእኛ አገር ልጅ እ.ኤ.አ. በ1840 በዚያች ከተማ ሞታ ተቀብራለች። በመቃብሯ አጠገብ የምጽፈው ምንም ማስታወሻ አልነበረኝም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው። ብዙዎቻችን ቅዳሜን የምናሳልፈው በዕቃ መጋዘን ወይም በምግብ ቤት ወጥ ቤት ሥራ ላይ ነው። የጀርመን ሕግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ወይም 280 ግማሽ የሥራ ቀናት ይፈቅዳል፤ ከዚያ ከሚገኘው ገንዘብ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ለእናትም ይላካል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ «ሥራህን ትተህ ቤተ መንግሥት እይ» ማለት ድፍረት ነው። እኔም አልልም። እሑድ ግን መደብሮች በሕግ ዝግ ናቸው፤ በወር አንዱን እሑድ ለመንገድ መስጠት ለአብዛኞቻችን ይቻላል ባይ ነኝ። ይልቅ የሚያስቀረን «እየተዝናና ነው» መባሉ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ሲነካካ የዋለ ተማሪ እንዲህ አይባልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የትምህርት ክፍሎቻችን የሚመለሰውን ተማሪ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ሁለት ገጽ ይጠይቁት፤ ከግቢው ውጭ ምን አየህ? እዚህ ላለው ሥራችንስ ምን ይነግረናል? የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጡ ወገኖችም የወርኃዊ ትኬቱን ዋጋ ከመጻሕፍት አበሉ ጋር አንድ ላይ ይቁጠሩት። የተጻፉት ገጾች በዚህ መጽሔት ቢወጡ ቀጥሎ ወደ ላይፕዚግ የሚመጣው ተማሪ በመጀመሪያው ወር ወደ ኮስፑደን የሚወስደውን የብስክሌት መንገድ ያውቀዋል።